ረዳት የሌለው ሹፌር



ለዚህ ወር አምዳችን መነሻ የሆነን ከደሴ የደረሰን የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ እናቀርበዋለን። ልጃቸው አሜሪካ ውስጥ፣ ኮሎራዶ በምትባለው ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ ታክሲ እየነዳ ይኖራል። ወላጆቹን የሚጦር፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር ልጅ ነው፤ አላህ ይጠብቀው። በቅርቡ ስልክ ደውሎ፣ «እማ፣ ቤት ያለው መኪና ገዛሁ፤ በመስከረም ዘጠኝ ቀን ሥራ አቁሜ ብቻዬን ተራራ ለተራራ ልዞር ነው» አላቸው። ወሬው ጎረቤት ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። አንዷ፣ «የቤት ኪራይ አቅቶት መኪና ውስጥ ሊያድር ነው እንጂ ምን ሽርሽር አለ!» አለች። ሌላው ደግሞ፣ «ሰው ብቻውን ወደ ተራራ የሚሄደው ሲከፋው ነው» ሲል ጨመረ። እናት እንቅልፍ አጡ። የሚጠይቁን ሁለት ነገር ነው፤ ልጄ ምን ሆኖብኝ ነው? ብከለክለው ይሰማኛልና ልከልክለው ወይ?

እናታችን፣ በመጀመሪያ የጎረቤትን ነገር እናንሳ። ጎረቤትዎ ከመሬት ተነስታ አልተናገረችም። አሜሪካ ውስጥ የቤት ኪራይ ከብዷቸው መኪና ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች በእርግጥ አሉ። ልጅዎ የገዛው ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናው ተራ ፒክአፕ ነው፤ ከኋላ ዕቃ የሚጫንበት ክፍት ቦታ ያለው። በዚያ የጭነት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት እንደ ሣጥን ገብታ ትቀመጣለች። አራት እግሮች አሏት። እግሮቿ ሲዘረጉ ቤቷ በራሷ ትቆማለች፣ ፒክአፑ ከሥሯ ወጥቶ ይሄዳል። ሲፈለግ ደግሞ ፒክአፑ ወደ ኋላ ይገባባትና በአራት ማዕዘን በብረት ማሰሪያ ትጠፈራለች። አልጋው ከሹፌሩ ራስ በላይ ነው። ውስጧ ቡታጋዝ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ የውሃ ታንከር፣ ማሞቂያ አለ። አዲሷ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ያገለገለችውም ቢሆን ኪራይ ያቃተው ሰው የሚገዛት አይደለችም። ስለዚህ በዚህ በኩል ልብዎ ይረፍ።

ተከፍቶ ነው ለተባለው ደግሞ፣ ከእርስዎ በላይ ድምፁን የሚያውቅ የለምና እርስዎ ይፍረዱ። እኛ ግን አንድ ነገር እንበል። ታክሲ የሚነዳ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የማያውቀውን ሰው ወሬ ሲሰማ፣ ሲቆጡት ሲታገሥ ይውላል። እንዲህ ያለ ሰው ዘጠኝ ቀን ዝምታ ቢያምረው አይፈረድበትም።

የእኛ ሥጋት ሌላ ቦታ ነው። እርስዎ የደሴ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ይገባዎታል። ኤርትራና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 ተጣልተው መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ፣ ከአሰብ ወደብ የጫኑ ከባድ መኪኖች በሚሌና በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ይገቡ ነበር፤ ከዚያም ሐረጎን ወጥተው ደሴ ያድራሉ። ከእነዚያ መኪኖች ውስጥ ሹፌሩ ብቻውን የሚሄድበት አይተው ያውቃሉ? ረዳት ነበረው። ረዳት ምን ይሠራ እንደነበር ያስታውሱ። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ያዝ!» ይላል። በየማረፊያው ጎማውን እየመታ ይዞራል፤ የጭነቱን ገመድ ያጠብቃል። ሌሊት ሹፌሩ እንዳያንቀላፋ ያወራዋል። መኪና የተበላሸ እንደሆነ ደግሞ አንዱ ዕቃውን ሲጠብቅ ሌላው እርዳታ ፍለጋ ይሄዳል።

ልጅዎ የሚሄደው ያለ ረዳት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይሂድ ወይስ ይቅር ከመሆኑ በፊት፣ የረዳቱን ሥራ ማን ይሠራዋል የሚለው ነው። አብዛኛውን ከቤቱ ሳይወጣ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ጥቂቱን መንገድ ላይ ቆም እያለ ይሠራዋል። አንዱን ሥራ ግን ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ወደ እርሱ እንመጣለን።

ከጭነቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው እርሱን ነውና። የፒክአፑ የሹፌር በር ሲከፈት በበሩ ምሰሶ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። መኪናው ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት መሸከም እንደሚችል የተጻፈው እዚያ ነው። አሜሪካኖች ፒክአፕን «ግማሽ ቶን»፣ «አንድ ቶን» እያሉ ይጠሩታል፤ ይህ የቆየ መጠሪያ እንጂ የሚሸከመው ልክ አይደለም። ልኩ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። ለምሳሌ ያህል ወረቀቱ 1,100 ኪሎ፣ ማለትም አሥራ አንድ ኩንታል ይላል እንበል። ቤቷ ባዶዋን 800 ኪሎ ትመዝናለች። ታንከሩ 110 ሊትር ውሃ ቢይዝ 110 ኪሎ ነው። የጋዝ ሲሊንደር፣ ባትሪ፣ ብርድ ልብስ፣ ምግብና መሣሪያ 120 ኪሎ ቢሆን፣ ልጅዎ ራሱ 80 ኪሎ ቢመዝን፣ ድምሩ 1,110 ሆነ። አንድ ኪሎ ሥጋ ሳይገዛ አልፏል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሻጭ «ባዶ ክብደት» ብሎ የሚነግረው ቁጥር በኋላ የተጨመሩትን ዕቃዎች ብዙ ጊዜ አይቆጥርም። መፍትሔው ቀላል ነው። በአውራ ጎዳና ዳር የከባድ መኪና ሚዛን አለ፤ ጥቂት ዶላር ተከፍሎ ይመዘናል። ሁሉን ጭኖ፣ ታንከሩን ሞልቶ፣ ራሱ መሪው ላይ ተቀምጦ ይመዘን። ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈም ይታያል፤ የቤቷ ክብደት መሐል ከኋላው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት ማረፍ አለበት። ወደ ኋላ ካዘነበለ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይዋልላል።

ጎማውንም ከዴንቨር ሆኖ በስልክ ሊጠይቁት ይችላሉ። በእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 3518 ቢል በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። «አራቱን ቁጥር አንብብልኝ» ይበሉት። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የጎማው ጥርስ ደህና ስለሆነ ብቻ ይታለላል፤ ጎማ ቆሞም ያረጃል።

አሁን ወደ መንገዱ እንሂድ። ሊዞር ያሰበው በሳን ዋን ተራሮች ነው፤ ከኮሎራዶ ደቡብ ምዕራብ። ከዴንቨር ተነስቶ በኬኖሻ አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ከዚያ ዎልፍ ክሪክ የሚባለውን በር አልፎ ፓጎሳ ስፕሪንግስ፣ ቀጥሎ ዱራንጎ ይገባል። እነርሱ «ፓስ» የሚሉት እኛ «በር» የምንለውን ነው፤ ጣርማ በር እንደምንለው። የዎልፍ ክሪክ በር 3,309 ሜትር ከፍታ አለው። ከጦሳ ሥር ለሚኖር ሰው ከፍታው ብርቅ ላይሆን ይችላል። የሚያስፈራውም መውጣቱ አይደለም፤ በወዲያኛው ወገን መውረዱ ነው።

ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ በየመቶ ሜትሩ ወደ ሰባት ሜትር ገደማ ይወርዳል። ፍሬን ለከዳቸው ከባድ መኪኖች ማምለጫ ተብለው ሁለት መንገዶች ከዋናው ተገንጥለው ወደ ላይ ተሠርተዋል፤ ልቅ ጠጠር የተሞሉ ናቸው፣ መኪናው እዚያ ገብቶ ጠጠር ውስጥ ሰምጦ ይቆማል። መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱንም የእኛ ሹፌሮች ከማንም በላይ ያውቁታል። ከኮረም ወደ አላማጣ በግራካሱ፣ ከደባርቅ ወደ ታች በሊማሊሞ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሹፌር፣ ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ እንጂ በፍሬን እንዳልሆነ ተምሯል። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያግለዋል፤ ሸራው ከጋለ በኋላ እግር ቢረገጥም መኪናው አይሰማም። ዳገቱን የወጣህበትን ማርሽ ለቁልቁለቱም ያዘው ይላሉ የድሮዎቹ።

ልጅዎ የሚነዳው ምናልባት ማርሹን በራሱ የሚቀይር መኪና ይሆናል፤ ያም ቢሆን በእጅ ወደ ከባድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ጭነት ላለበት መኪና ተብሎ የተሠራ ቁልፍም ብዙዎቹ ላይ አለ። ዴንቨር ከተማ ውስጥ በታክሲ አንድም ቀን አላስፈለገው ይሆናል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት በከተማው አቅራቢያ ባለ ቁልቁለት፣ ቤቷን ጭኖ፣ ደጋግሞ ይለማመደው። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይያዝና ፍጥነቱን ቀንሶ ይልቀቀው፤ እያሻሸ አይውረድ። ከታች ደርሶ ሲቆም መዳፉን ወደ ጎማው መሐል ብረት ያስጠጋ፣ አይንካው፤ ትኩሳቱ ከሩቅ ከተሰማው ወይም የተቃጠለ ሽታ ከሸተተው ግማሽ ሰዓት አርፎ ሻይ ይጠጣ። ረዳቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያሸተው ይህንኑ ነበር።

ከዱራንጎ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ቁጥሩ 550 ነው። ዱራንጎ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ኮል ባንክ 3,243 ሜትር፣ ሞላስ 3,325 ሜትር፣ ወደ ሲልቨርተን ወረድ ይባልና እንደገና ሬድ ማውንቴን 3,358 ሜትር። በአንድ ቀን ሦስት በር ማለት ነው። ከሲልቨርተን እስከ ዩሬይ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ «የሚሊዮን ዶላር መንገድ» ይባላል፤ ስለ ስሙ አመጣጥ የሚነገረው ታሪክ ብዙ ነው። ዩሬይ አጠገብ ያለውን ክፍል መጀመሪያ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስጠረበው ኦቶ ሚርስ የተባለ ሰው ነበር፤ ለማዕድን ማውጫዎቹ ቀረጥ የሚከፈልበት የጋሪ መንገድ ሆኖ ነው የተሠራው። ዛሬ አስፋልት ነው። ሆኖም በገደሉ አፋፍ ላይ በብዙ ቦታ የመከላከያ ብረት የለውም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ቸልተኝነት ይመስለዋል፤ ነገር ግን በክረምት በረዶ ጠራጊው መኪና በረዶውን የሚገፋው ወደዚያው ገደል ስለሆነ፣ ብረት ቢኖር በረዶው መሄጃ ያጣል። መንገዱ ላይ ሲሠሩ በበረዶ ናዳ የሞቱ የሦስት በረዶ ጠራጊ ሹፌሮች መታሰቢያም እዚያው አካባቢ ቆሟል፤ በ1970፣ በ1978 እና በ1992 እ.ኤ.አ. የሞቱ ናቸው። ልጅዎ የሚሄደው በመስከረም ስለሆነ ናዳ የሚፈራበት ወቅት አይደለም፤ በበሮቹ ላይ ግን በመስከረምም በረዶ ሊጥል ይችላል። ጠዋት ጠዋት የመንገዱን ሁኔታ ሳያይ አይነሳ።

እዚህ ላይ ልጅዎ ሳያውቀውም ይሁን አውቆ አንድ ጥሩ ነገር መርጧል። አሜሪካ መኪና የሚሄደው እንደ እኛው በቀኝ ነው። ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከሲልቨርተን ወደ ዩሬይ የሚሄድ መኪና ተራራውን ታክኮ ይሄዳል፤ ከዩሬይ ወደ ሲልቨርተን የሚመጣው ግን ገደሉን ታክኮ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ፣ ያውም ቤት ለተሸከመ ሰው፣ የተራራው ወገን ይሻለዋል። መልሱን በሞንትሮዝና በሞናርክ በር አድርጎ ክቡን ቢጨርስ እንጂ በዚያው ባይመለስ እንመክራለን። ሞናርክ 3,448 ሜትር ስለሆነ ከሁሉም ይበልጣል፤ መንገዱ ግን ሰፋ ያለ ነው። በሲልቨርተንና በዩሬይ መካከል በተራራው አናት የሚያልፉ የጠጠር መንገዶችም አሉ፤ እነዚያ አራቱም ጎማ ለሚጎትት ከፍ ያለ መኪና እንጂ ጣሪያው ላይ አልጋ ለተሸከመ አይደሉም። የስልክ ካርታ «አቋራጭ» ብሎ ቢያሳየው አይመነው።

መንገድ ላይ ቆም እያለ የሚሠራው የረዳት ሥራ ይህ ነው። ከተነሳ ከአንድ ሰዓት በኋላ አራቱን የቤቷን ማሰሪያዎች ይመልከት፤ በመንቀጥቀጥ ይላላሉ። ወደ ኋላ ከመመለሱ በፊት ወርዶ በእግሩ ይዙር። የፒክአፑ የኋላ ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ከኋላው መዝጊያ ላይ ነው፤ መዝጊያው ደግሞ ለቤቷ ሲባል ተነቅሎ ጋራዥ ይቀራል። እንግዲህ «ና! ና!» የሚለው ሰውም ካሜራም የለም። የቤቷን ቁመት ለክቶ መሪው ፊት ጽፎ ይለጥፍ። ከሦስት ሜትር ስለሚበልጥ የነዳጅ ማደያ ጣሪያና የዛፍ ቅርንጫፍ ይጠልፈዋል። ታክሲ የለመደ ሰው ስለ ጣሪያ አስቦ አያውቅም። ታኮም ይያዝ፤ ድንጋይ ሁልጊዜ አይገኝም።

ከመሸ አይንዳ። አጋዘንና ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን መንገድ የሚያቋርጡት ሲመሽና ሲነጋ ነው። ብቻን በሌሊት ስለ መጓዝ ደግሞ ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ተላልፎ ቡኻሪ የዘገቡት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ እንዳለ ይታወቃል፤ ነገሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ዑለማዎች ምክንያቱን ሲያብራሩ አደጋውንና የረዳት ማጣቱን ያነሳሉ፤ ሰው የሚበዛበት መንገድ በዚህ አይገባም ያሉም አሉ። ፍርዱን ልጅዎ በአካባቢው ካሉ ዐዋቂ ይጠይቅ። እኛ የምንለው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጊዜ ያለው ሰው ሌሊት የሚነዳበት ምንም ጉዳይ የለውም ነው።

ማደሪያ አያጣም። በእነዚያ ተራሮች ብዙው መሬት የመንግሥት ደን ነው፤ በተፈቀደው ቦታ ያለ ክፍያ ማደር ይቻላል፣ በጠቅላላው እስከ 14 ቀን። የመጀመሪያውን ሌሊት ግን ፓጎሳ አካባቢ ቢያድር ይሻላል፤ ከፍታዋ ወደ 2,170 ሜትር ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ለዓመታት እዚያ የኖረ ሰው ሳንባው የደሴን አየር ረስቶ ይሆናል። በአንድ ቀን ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ወጥቶ ቢተኛ ራሱን ሊያመው፣ እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። እራስ ምታቱ ከበረታ ወደ ታች መውረድ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ጋዝ ይጨርሳል። ወጡን ከቤት ሠርቶ አቀዝቅዞ ቢይዝ ይመቸዋል። ምግብ ከደጅ አይተው፤ ድብ አለ።

አሁን ከሁሉም በላይ እንዲጠይቁት ወደምንፈልገው ደረስን። የመስከረም ሌሊት በዚያ ከፍታ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቤቷ ትንሽ ናት፣ መስኮቷ ጠባብ ነው። ብርድ ሲይዘው ቡታጋዙን ለኩሶ እንዲሞቅ ልቡ ይመኛል። ወይም፣ የእኛ ልጅ ነውና፣ ጀበናውንና ትንሽ የከሰል ምድጃ ይዞ ሄዶ ይሆናል። እናታችን፣ በር ተዘግቶ ከሰል ተለኩሶ ስለሞቱ ሰዎች በሀገራችን ስንቱን ሰምተናል! የከሰልም የጋዝም እሳት በተዘጋ ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ያወጣል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛ ሰው አይነቃም። ሁለት ሰው ቢሆኑ አንዱ ራሱን ሲያመው ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ብቻውን የተኛ ሰው ቀስቃሽ የለውም። ቡናውን ከደጅ ያፍላ። ለሙቀት የተሠራውን፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ማሞቂያ ብቻ ይጠቀም። ያን መርዝ ሲሸት የሚጮህ መሣሪያ ቤቷ ውስጥ ይኖራል፤ ያገለገለች ቤት ስለሆነች ግን መሣሪያው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት በላይ አያገለግሉም፤ ቀኑ ከጀርባው ተጽፏል። አዲሱ ውድ አይደለም። ሲነዳም፣ ነዳጅ ሲቀዳም የጋዙን ቫልቭ ይዝጋ።

ስለ ሶላት እርስዎ ባይጠይቁም ሌሎች አንባብያን ይጠይቃሉና በአጭሩ እንለፈው። መንገደኛ ስለሆነ ባለ አራት ረከዓውን አሳጥሮ፣ ሲያስፈልገው አጣምሮ ይሰግዳል። ከኮሎራዶ ቂብላው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ኮምፓስ ይያዝ። ውሃውን በተመለከተ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ፣ ከአንድ ሊትር ባነሰ ማለት ነው፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። ቧንቧ ከፍቶ የለመደ ሰው የ110 ሊትር ታንከር በሦስት ቀን ሲያልቅበት ይህ ሐዲስ ትዝ ይለዋል። ያጠበበት ውሃም በተፈቀደው ቦታ ይደፋል እንጂ ደን ውስጥ አይለቀቅም።

እንግዲህ ልከልክለው ወይ ላሉት፣ አይከልክሉት እንላለን። ግን «አልከለክልህም፤ ሚዛኑን ተመዝነህ፣ ቁልቁለቱን ተለማምደህ፣ መጀመሪያ አንድ ሌሊት ከዴንቨር ሳትርቅ አድረህበት ከዚያ ሂድ» ይበሉት። የእናት ክልከላ የሚሰማ ልጅ የእናት ቅድመ ሁኔታም ይሰማል። ዕዳና አማና ካለበትም ጽፎ ይሂድ፤ ይህ ለሩቅ መንገደኛ ሁሉ ነው።

የቀረው አንዱ የረዳት ሥራ ነው፤ እርዳታ ፍለጋ የሚሄደው ሰው። በእነዚያ ሸለቆዎች በብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም። አዳዲስ ስልኮች ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ማድረግ ጀምረዋል፤ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ መሣሪያም ይሸጣል። ቢይዝ ጥሩ ነው። ነገር ግን ራሱን የሳተ ሰው ቁልፍ አይነካም። ስለዚህ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ደሴ ሆኖ አይሆንም። አሜሪካኖች ለአደጋ የሚደውሉት 911 ከደሴ ቢደወል ኮሎራዶ አይገባም። ዴንቨርና አውሮራ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸውና አንድ ታማኝ ጓደኛ አያጣም። ለዚያ ጓደኛ አንድ ወረቀት ጽፎ ይስጠው፤ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ በስልክ ይላክልዎ። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና መልክ፣ የቤቷ ቀለም፣ በየትኛው ቀን የት እንደሚያድር፣ ሐሳቡን ቢቀይር ወዴት እንደሚቀይር፣ ስንት ሰዓት ድረስ ካልደወለ ፍለጋ እንደሚጀመር በግልጽ ይጻፍበት። «ካልደወልኩ አትጨነቁ» የሚል ቃል አይኑርበት።

ኮሎራዶ ውስጥ የጠፋን ሰው የመፈለግ ኃላፊነት የየካውንቲው ሸሪፍ ነው፤ ተራራ ላይ ወጥተው የሚፈልጉት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ለፍለጋውም ገንዘብ አይጠይቁም። ጓደኛው ወጪ ፈርቶ እንዳይዘገይ ይህን ይወቅ። የሬድ ማውንቴን በር የሁለት ካውንቲ ወሰን ነው፤ ሲልቨርተን ያለችበት ወገን ሳን ዋን ካውንቲ፣ ወዲያኛው ዩሬይ ካውንቲ ይባላል። ዱራንጎ ደግሞ ላ ፕላታ ካውንቲ ነው። ስለዚህ የሦስቱም ሸሪፍ ቢሮዎች ሙሉ የስልክ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይኑር፤ ልጅዎ ከበሩ በየትኛው ወገን እንዳደረ ሲታወቅ የትኛው እንደሚደወልለትም ይታወቃል።

የሚደውልበትን ሰዓት ደግሞ አሁን ይወስኑ። በመስከረም ኮሎራዶ ከእኛ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እርሱ መኪናውን አቁሞ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ እራቱን በልቶ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ማታ 8 ሰዓት ላይ ቢደውል፣ ደሴ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ እርስዎ ለሱብሒ የሚነሱበት። ስልክ የማይገባበት ቦታ የሚያድር ከሆነ ከሰዓት በኋላ ከመጨረሻዋ ከተማ መልእክት ይተውልዎ፣ ጓደኛውም እንዲሁ ይድረሰው። ያ ሰዓት አልፎ ሁለት ሰዓት ከተጨመረ እርስዎ ለጓደኛው ይደውሉ፤ ጓደኛው ለሸሪፉ ይደውል።